ለዘፋኙ ቁልፍ አትሸልሙት፤ ቤት አከራዩት

አገራችን የኪነጥበብ ሰው የት እንደሚያድር የምታስበው በሁለት አጋጣሚ ብቻ ነው። አንደኛው ሲታመም ነው። ያኔ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ በየገጹ ይለጠፋል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የሙያ ባልደረቦቹ እያለቀሱ ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ለካ ይህን ያህል ዓመት የሰው ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ይኖር ነበር ተብሎ ይታዘንለታል። ሁለተኛው ሲገንን ነው። ያኔ መድረክ ላይ ይጠራና አንድ ባለሥልጣን በካርቶን የተሠራ ክንድ የሚያህል ቁልፍ ያስረክበዋል። ጭብጨባ ነው፣ ፎቶ ነው፣ እንባ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሃያና ሠላሳ ዓመት፣ ማለትም ሰውዬው በትክክል የሚሠራበትን ዘመን፣ የት ያድራል፣ የት ይለማመዳል፣ መሣሪያውን የት ያስቀምጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ዛሬ ልከራከርለት የተነሳሁት ነገር ቀላል ነው። መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ፣ በአነስተኛ ኪራይ፣ ሙያተኛው የሚያድርበትም የሚሠራበትም ቤት ይሥራ። ስጦታ አላልኩም። ዕጣ የደረሰው የግሉ የሚያደርገው ኮንዶሚኒየምም አላልኩም። ኪራይ ቤት ነው ያልኩት። ይህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳይሆን እኔ ከምጽፍባት ከሉማሜ ዓይነት ከተማ ይጀመር። ሉማሜን የማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመጡ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በአውቶቡስ መስኮት ነው።

"በዚህ ጊዜ? በዚህ ሁኔታ? የዘፋኝ ቤት?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከራሳችን ደጅ እንነሳ።

ጎጃም ባለቅኔ የሚያፈራው አፈሩ ስለተለየ አይደለም። ይህ ወሬ የቆየው እኛው ጎጃሞች ስለምንወደው ነው። ምክንያቱ ማደሪያ ስለነበረ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፤ እነዚህ የትምህርት ቤት ስሞች ብቻ አይደሉም፣ የመኖሪያ ሰፈር ስሞችም ናቸው። ተማሪው ከሸዋም ከወሎም ከትግራይም ይመጣል። በቤተክርስቲያኑ ዙሪያ ከቀደመ ተማሪ የተረፈች ጎጆ ካለች ይገባባታል፤ ከሌለች እንጨትና ሣር ለምኖ የራሱን ይቀልሳል። አኩፋዳውን ይዞ መንደር ይዞራል፣ ገበሬው ካለው ላይ ይቆርስለታል። ቅኔውን የሚቆጥረው እዚያው ጎጆው ደጅ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ነው። መኖሪያውና የሥራ ቦታው አንድ ነው። የኔታም እዚያው ናቸው። "ድምፅህ ረበሸኝ" ብሎ የሚከሰው ጎረቤት የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይጮኻላ! ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁራሹን የሰጠው ገበሬ "ምን ዓይነት ቅኔ ትቆጥርልኛለህ?" ብሎ አይጠይቀውም። ተማሪው በበላበት አፉ ሰምና ወርቅ አድርጎ የአገሩን ሹም ሲሸነቁጥ ቢውል ቁራሹ አይቋረጥም።

ተምሮ ከጨረሰ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ማኅሌት የሚቆመው፣ ብራና የሚጽፈው፣ ሐረግ የሚስለው ደብተራ በአገልግሎቱ የሚይዘው መሬት ነበረው። አገልግሎቱ ከተቋረጠና ተተኪም ካልቀረበ መሬቱ ለሌላ አገልጋይ ይዞራል። መቼም ይህን ሥርዓት አልናፍቀውም። ከመሬቱ ጀርባ የገባር ላብ ነበረበት፣ የሴት ልጅም በሩ ተዘግቶባት ነበር። እኔ የማነሳው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፦ አባቶቻችን "ጥበብ የሚሠራ ሰው ጣሪያና መሬት ያስፈልገዋል፣ ይህንንም ማኅበረሰቡ ይችለዋል" የሚለውን ነገር ከፈረንጅ አልተማሩትም።

ውጤቱን እዩት። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ልጅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ጽፎ በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ያለፈ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ ሲሆን ዜማው የአርመናዊው የኬቮርክ ናልባንድያን ነው። ናልባንድያን ማን ነው? ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ካመጧቸው "አርባ ልጆች" ከሚባሉት ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች ጋር የመጣ መሪያቸው ነው። ልጆቹ በመንግሥት ወጪ መጥተው፣ በመንግሥት ደሞዝ እየተዳደሩ ነው ማርሽ የነፉት። እንግዲህ የዚያ ዘመን የአገር መዝሙር ግጥሙ ከቅኔ ጎጆ፣ ዜማው ከመንግሥት ቤት ነው የወጣው። አንዳቸውም የወር ኪራይ እያስጨነቃቸው አልሠሩትም።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም ስለ ፒያኖአቸው ብዙ ጻፈ። በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ለአሥርት ዓመታት የኖሩት ፒያኖ በገባባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ገዳሙ ያንን ክፍል ባይሰጣቸው ኖሮ ያ ሁሉ ሙዚቃ ይኖር ነበር? እኔ አይመስለኝም። አልጋና ፒያኖ በአንድ ክፍል፤ እኔ የምለው ቤት እንግዲህ ይኸው ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት ሁለት አዋጅ ወጣ። የካቲት 25 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተክርስቲያንን መሬት ሲወስድ የደብተራውም አብሮ ሄደ። የገበሬውን ጭቆና ስላበቃ አዋጁን አልረግመውም፤ ግን ለዘማሪና ለሐረግ ሠዓሊ ምን እንተካ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፣ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ማንም ሳያስበው፣ ማንም "የኪነጥበብ ሰዎች ቤት" ብሎ ሳይሰይመው፣ ኢትዮጵያ በታሪኳ ትልቁን የአርቲስቶች መኖሪያ ፕሮግራም ያገኘችው በዚያ ቀን ነው። አንዱ አዋጅ ከገጠሩ ባለሙያ የነጠቀውን ሌላው ለከተማው ባለሙያ ሰጠው።

የቀበሌ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ግን ኪራዩ አይገድልም፣ የሚያስወጣህም የለም። ስለዚህ የፊተኛውን ክፍል ግድግዳ በሰሌንና በቆዳ አስጊጠህ ጠጅ ቤት ወይም አዝማሪ ቤት ታደርገዋለህ፤ በኋለኛው ክፍል ልጆችህን ታሳድጋለህ። ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲነሳ በካዛንችስ የአዝማሪ ቤቶች እንደ እንጉዳይ የፈሉት ለዚህ ነው። ሙዚቃ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ርካሽ ግድግዳ ስለነበረ ነው። ፈንድቃን ውሰዱት። መላኩ በላይ ዓለምን ያዞረ ተወዛዋዥ ከመሆኑ በፊት እዚያው ቤት ውስጥ ለዓመታት ከባንኮኒው ሥር እየተኛ ነው የጨፈረው። በኋላ ቤቱን ተረክቦ የሥዕል ማሳያ፣ የግጥም ምሽት፣ የጃዝ መድረክ አደረገው። የተኛበት ቦታና የሠራበት ቦታ አንድ ነበር።

ያ ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. በካዛንችስ መልሶ ማልማት ፈርሷል። ፈንድቃን ዓለም ስለሚያውቀው ተጮኾለታል፣ ተጽፎለታል። ከጎኑ የነበሩትን የሚያውቃቸው የለም። ሲፈርሱ በመዝገብ ላይ የሰፈሩት "የቀበሌ ቤት" ተብለው እንጂ "የሙዚቃ ቤት" ተብለው አይደለም። ፒያሳም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 ሄዷል። ኮሪደር ልማቱ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። መንገዱ ይስፋ፣ መብራቱም ይብራ። ነገር ግን በየካቲት የተነጠቀው አልተተካም፣ በሐምሌ የተሰጠው ደግሞ አሁን እየፈረሰ ነው። በሁለቱም በኩል ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው።

"ኮንዶሚኒየም አለ አይደል?" ይባላል። እስቲ እንየው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲጀመር 400 ሺህ ቤት ታቅዶ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 171 ሺህ ያህል ተሠርቷል። ይህን የማጣጥል ሰው አይደለሁም፤ በአፍሪካ ስንት አገር ይህን ያህል ሠርቷል? በክልል ከተሞች ግን ጀምሮ ቀዘቀዘ። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 ምዝገባ መጣ፤ አሠራሩም በየወሩ መቆጠብ ነው። ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተመደበ። ደግ ነው። በየወሩ ቆጥብ የተባለው አዝማሪ ግን የዓመቱ ገቢ ምን እንደሚመስል አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ልንገራችሁ። ጥምቀት እንዳለፈ ሠርግ ይጀምራል፤ ጥር ሙሉ ሥራ ነው፣ አንዳንድ ቀን በቀን ሁለት ሠርግ አለ። ሽልማቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ ኪስ ይሞላል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። ሃምሳ አምስት ቀን መሰንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ፋሲካ ሲፈታ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ሠርግ ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናብና እርሻ ነው፤ ገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ እጁም ባዶ ነው። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። መስከረም ትንሽ ይነቃቃል፤ ቀጥሎ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ከዚያ የገና ጾም። እንዲህ ያለ ገቢ ያለውን ሰው "በየወሩ ይህን ያህል ካላስገባህ ከዝርዝሩ ትሰረዛለህ" ማለት በሩን ከፍቶ ደረጃውን እንደ መንቀል ነው። ለነገሩ በትጋት የቆጠቡትስ ቢሆኑ? ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የ25,491 ቤቶች ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ እንደተሰረዘ እናስታውሳለን። ላም አለኝ በሰማይ።

ቤቱን አገኘው እንበል። አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ደረሰው። ከበሮ ሊለማመድ ነው? ለክራር ቆዳ ሊወጥር ነው? የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን አስገብቶ ነው የሚሸምነው፤ በአራተኛ ፎቅ ኮንክሪት ላይ ጉድጓድ ከየት ይመጣል? የሸክላ ሠሪዋ ጭስስ? እዚህ ላይ ሁሌም የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የኮንዶሚኒየም ሳይት ሲሠራ የጋራ መገልገያ ሕንጻ አብሮ ይሠራል፤ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት። አንድ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ "ኢትዮጵያዊ ፎቅ ላይ ቢወጣም ለፋሲካ በግ ማረዱ አይቀርም" ብሎ አስቧል ማለት ነው። በጣም ትክክል! ያው መሐንዲስ ኢትዮጵያዊ እንደሚዘፍን፣ እንደሚሸምን፣ እንደሚስል ሳይታሰበው የቀረው ለምንድነው?

ይህ የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዝማሪ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፤ እነዚህን ሙያዎች ስንጠራ አፋችን ውስጥ የተቀመጠ የቆየ ስድብ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ የደረሰ ነገር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ አሁን ከአደባባይ ወጥቶ ወደ ቤት ኪራይ ገብቷል። በሉማሜ ሰርቪስ ቤት ልትከራይ ሄደህ መሰንቆ በጀርባህ ካለ፣ አከራይዋ መጀመሪያ የምታየው ፊትህን ሳይሆን መሰንቆውን ነው። ሌሊት ትገባለህ፣ ሰው ታመጣለህ፣ ትጠጣለህ፤ ገና ሳትጠየቅ ተፈርዶብሃል። እኔ ራሴ በዲግሪዬና በላፕቶፔ የምኖር ተከራይ ነኝ፣ የምጽፈውም ሌሊት ነው። እኔ ስመጣ "ጋዜጠኛ ነው" ተብሎ ቡና ይፈላል። እሱ ሲመጣ በሩ ገርበብ ይላል። ሁለታችንም ሌሊት ነው የምንሠራው፣ ሁለታችንም ቋሚ ደሞዝ የለንም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጥሩ ነገር አለው። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን ይላል፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አትጠይቅ ይላል። ከአዲስ አበባና ድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ግን ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ቢወሰንም ደግሞ አዋጁ ውል ያለውን ሰው ይጠብቃል እንጂ ውል የከለከለችውን አከራይ አያስገድድም።

አሁን ወደ ካርቶኑ ቁልፍ ልመለስ፤ ዋናው ጠቤ ከእሱ ጋር ነውና።

መንግሥት ለታዋቂ ሰው ቤት ሲሸልም በአንድ ድንጋይ ሦስት ወፍ ይመታል። አንደኛ፣ ለኪነጥበብ ቸር ይባላል። ሁለተኛ፣ ለአንድ ሰው በሰጠው ቤት የሌሎቹን ሺዎች ጥያቄ ያዘጋል፤ "ለእገሌ ሰጥተናል" ይባላላ። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ የተሸለመው ሰው ከዚያ በኋላ አፉ ይከብደዋል። ማንም አላስፈራራውም፣ ማንም ውል አላስፈረመውም። ይሉኝታ ብቻ ይበቃል። አበሻን በይሉኝታ ማሰር እያለ ካቴና ማን ያባክናል? ሽልማቱን የተቀበሉትን አልወቅስም፤ ሃያ ዓመት ተከራይቶ የኖረ ሰው ቁልፍ ሲዘረጋለት አልፈልግም ይበል ማለት ግፍ ነው። የምወቅሰው ቤትን ከመብት አውርዶ ውለታ ያደረገውን አሠራር ነው።

"አንተ የምትለው ደግሞ ይብሳል፤ የመንግሥት ቤት ውስጥ የሚኖር ዘፋኝ የመንግሥት ዘፋኝ ነው" የሚለኝ አለ። ከሁሉም ክርክር የማከብረው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ታሪካችን ያግዘዋል። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በመንግሥት ቤትና ደሞዝ ወርቃማውን ዘመን ሠሩልን፤ በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግስት ግን ጥላሁን ገሠሠን ጨምሮ ታሰሩ። ደርግም የኪነት ቡድኖችን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር አደራጀ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የእኛው ግሽ ዓባይ ስንት ድምፅ እንዳወጡ የማያውቅ የለም፤ ማሪቱ ለገሠ የላሊበላ ኪነት ልጅ ናት። ግን ያው ድምፅ ካድሬው የሰጠውን ግጥምም ዘፍኗል። ሥርዓቱ ሲወድቅ ደግሞ ብዙዎቹ መድረካቸውንም ደሞዛቸውንም በአንድ ላይ አጡ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት "መንግሥት እጁን ያንሳ" የሚለውን አይደለም። እጁን ያነሳባቸውን ዓመታት አይተናቸዋል፤ መሰንቆው በዲጄና በሞንታርቦ ተተክቷል፣ ጎበዙ ሁሉ አዲስ አበባ ወይም አረብ አገር ነው። የምወስደው ትምህርት ቤቱ ከደሞዙም ከመድረኩም መለየት አለበት የሚለውን ነው። ደሞዝ የሚከፍልህ ምን እንደምትዘፍን ሊነግርህ ይችላል። አከራይህ ግን ማወቅ ያለበት ኪራይ መክፈልህን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ኪራይ፣ ኪራይ የምለው። ውሉ የተጻፈ ይሁን፣ ዘመኑ የታወቀ ይሁን፣ ካልከፈልክ በቀር ከፍርድ ቤት ውጭ ማንም አያስወጣህ። ለበዓል መድረክ "ና ዝፈን" የሚል አንቀጽ እንዳይገባበት። ቤት የሚሰጠውንም ካድሬ አይምረጠው። መሰንቆ ተጫዋችን መሰንቆ ተጫዋቾች ይመስክሩለት፣ ሠዓሊን ሠዓሊዎች፣ ሸማኔን ሸማኔዎች፤ ከተመሰከረላቸው መካከል ደግሞ ዕጣ በአደባባይ ይውጣ። ("ቲክቶከርስ?" የምትለኝ ወንድሜ፣ አንተንም የሚመሰክርልህ ከተገኘ ና።)

ሌላው ስጋት የገባ አይወጣም የሚለው ነው። እውነት ነው። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተው ዌስትቤዝ የሚባል ሕንጻ የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የነበረ ነው፤ ከ380 በላይ የአርቲስት ቤቶች አሉት። ብዙ ትልልቅ ሥራ ወጥቶበታል። ግን የገቡት እዚያው አረጁበት፣ ተራ ጠባቂው በዝቶ ምዝገባው ለዓመታት ተዘግቶ ኖሯል። ፓሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለው የዓለም አቀፍ አርቲስቶች መንደር ከ300 በላይ ስቱዲዮ ይዞ ለወራት ብቻ ያስተናግዳል። ይህም ለእኛ አይሆንም፤ በጥቂት ወር ውስጥ ባለ ሙያ የቤት ዕቃውን ዘርግቶ አይጨርስም። እኔ መሐሉን አምስት ዓመት እላለሁ። የቅኔ ተማሪም ቢሆን ተቀኝቶ ሲጨርስ ጎጆዋን ለመጪው ትቶ ይሄዳል። ያረጁትና የታመሙት ለብቻቸው ይታሰቡ፤ አስናቀች ወርቁ፣ የክራሯ እመቤት፣ በ2004 ዓ.ም. መስከረም ከማረፏ በፊት ለዓመታት አልጋ ላይ ነበረች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው "አምስት ዓመትህ አልቋል" ማለት ነውር ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ "በዚህ ጊዜ?" ወደሚለው እንምጣ።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መንገድ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት አልፈዋል፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት አካባቢ ስንት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅድሚያ ለዳቦና ለመድኃኒት ነው ለሚለኝ ሰው ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰማዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚህ ጦርነት የዕለት እንጀራው ከሁሉ ቀድሞ የተቋረጠው ማን ነው? ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ማታ የሚሠራው ነው። ሠርግ በድምቀት ይቅር፣ ሐዘን በዝቷል ሲባል ሠርግ የሚያደምቀው ነው። እሱ ዳቦ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውጭ ያለ ፍጡር አይደለም፣ ከመካከላቸው አንዱ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ቤት የሌለው፣ ኪራይ ያለቀበት ዘፋኝ በጦርነት ጊዜ የሚዘፍነው ዛሬ ማታ ለሚከፍለው ነው። ቀረርቶና ፉከራ በዚህም በዚያም ገበያ አለው። ሙሾ ግን ገበያ የለውም፣ ዕርቅ ገበያ የለውም፣ በሁለቱም ወገን የወደቀውን የገበሬ ልጅ የሚያስታውስ ግጥም የሚከፍለው የለም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠራ ሰው የነገው ኪራይ የማያስጨንቀው፣ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥበት ክፍል ያለው ሰው ነው። ይህ ጊዜ ሲያልፍ የሆነውን ሁሉ የሚነግሩን የጦር አዛዦች ብቻ እንዲሆኑ የምንፈልግ ከሆነ እሺ፣ ቤቱ ይቆይ።

ገንዘቡስ? እኔ ሕንጻ አልጠየቅኩም። መንግሥት ለጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ለመጡ ወጣቶች የማምረቻ ሼድ በየከተማው ሠርቷል፤ ለተወሰነ ዓመት በአነስተኛ ኪራይ ይሰጣል፣ ከዚያ ለሌላ ይዞራል። እንግዲህ አሠራሩም አለ፣ ልምዱም አለ። የጎደለው ሁለት ነገር ነው፦ ሼድ ውስጥ ማደር አይቻልም፣ ዘፋኝና ሠዓሊም "አምራች" ተብሎ አይመዘገብም። ለመኝታ የሚሆን አንድ ክፍል በብሎኬት ይጨመርበት፣ ሽንት ቤትና ውሃ ይግባለት፣ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ቦታው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመንግሥት የጋራ መኖሪያ ፕሮግራምና መንግሥት ለሚወስነው የራስ አገዝ ቤት ግንባታ ያለ ጨረታ በምደባ ሊሰጥ የሚችል ነው። መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ሲያገኝ አይተናል፣ ይገባዋልም። አዝማሪና ሸማኔ በማኅበር ተደራጅቶ ሲጠይቅ "እናንተ ደሞዝተኛ አይደላችሁም" የሚባልበት ምክንያት ምንድነው?

አዲስ ቤት መሥራቱ ከከበደ ደግሞ ከወጣት ማዕከላቱ ይጀመር። በየወረዳው ከተማ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ማዕከል አለ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ፑልና ከረምቡላ ቤት፣ አለበለዚያም የስብሰባ ወንበር መከመሪያ ሆነዋል። በየከተማችሁ ሂዱና እዩት። አዳራሽ አላቸው፣ ግቢ አላቸው። ግቢው ጥግ ላይ ስምንት ክፍል ቢሠራና አዳራሹ ቀን ቀን ለልምምድ ቢከፈት ጎረቤት የሚረበሽበት ነገር የለም፤ የሰፈሩም ልጅ ከከረምቡላው ሌላ የሚያየው ነገር ያገኛል።

ለሉማሜ ስምንት ክፍል ይበቃል። አንዱ ለመሰንቆ፣ አንዱ ለዋሽንት፣ ሁለቱ ለሸማኔዎች መሬቱ ሳይለሰን፣ አንዱ ጢስ መውጫ ኖሮት ለሸክላ ሠሪ፣ አንዱ በሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት ወጥቶለት ለሠዓሊ፣ አንዱ ለሚጽፍ ሰው። (አይደለም፣ ለራሴ አይደለም፤ እኔ ቡና የምታፈላልኝ አከራይ አለችኝ።) ስምንተኛው ከሌላ ወረዳ ለሚመጣ እንግዳ ባለሙያ ባዶውን ይቀመጥ። ኪራዩ በወር ሳይሆን በወቅት ይሰብሰብ፦ አንዴ ጥር ሲያልቅ፣ አንዴ ግንቦት ሲያልቅ፣ አንዴ ከመኸር በኋላ። ግብር ከገበሬው የሚሰበሰበው ምርቱ ከገባ በኋላ አይደል እንዴ? ለአዝማሪውም ምርቱ ሠርግ ነው።

የወረዳው የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው የሚዘጋጀው። የከተማ ልማት ጽሕፈት ቤቱ ቦታውን፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ የባለሙያዎቹን መዝገብ፣ የሥራና ሥልጠናው የሼዱን አሠራር ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሉማሜና በአካባቢው ያላችሁ መሰንቆም፣ መጠቅለያም፣ ብሩሽም የያዛችሁ፣ ስማችሁንና ሙያችሁን ጽፋችሁ ቢያንስ አሥር ሆናችሁ ማመልከቻ አስገቡ። ማመልከቻውን ለመጻፍ የሚቸገር ካለ በዚህ ቻናል ይጻፍልኝ፣ እኔ በነጻ እጽፍለታለሁ። በመዝገብ ቤት ቁጥር ማሰጠትን ግን እንዳትረሱ፤ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል።